እንግዳ ዕቃና የአገር ግብር



«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላልና የዛሬውን ንግግራችንን በምሳሌ እንጀምር። መንገደኛ መሽቶበት ከደጃችሁ ደርሶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ቢላችሁ፥ አሳድራችሁ በማግሥቱ ትሸኙታላችሁ እንጂ የሰፈሩን መዋጮ ክፈል አትሉትም። ይኸው ሰው ግን ጓዙን ፈትቶ ጎጆ የቀለሰ እንደሆነ፥ ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሆኗልና መዋጮው ይመለከተዋል። በጉምሩክ መጋዘን ስለሚያርፍ ዕቃ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከውጭ አገር በገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀረጥ ወዲያው አይከፈልም። ነጋዴው ለመንግሥት ዋስትና ሰጥቶ ዕቃውን በጉምሩክ ጥበቃ ሥር ባለ መጋዘን ሊያኖር ይችላል። ዕቃው ወደ አገር ውስጥ ገበያ የወጣ እንደሆነ ቀረጡ ይከፈላል፤ ወደ ሌላ አገር የተላከ እንደሆነ ግን ቀረጥ ሳይነካው ያልፋል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ይህ ሥርዓት የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። ዛሬ በሚሠራበት ሕግ ዕቃው በመጋዘን እስከ 5 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ ማዕከላዊው መንግሥት ቀረጡን ሲተው፥ መጋዘኑ ያለበት ከተማ በበኩሉ የንብረት ግብር ሊጠይቅ ይገባዋልን?

ይህ ጥያቄ በቴክሳስ ግዛት፥ በሂውስተን ከተማ ተነሣ። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ሜክሲኮ ውስጥ የተገጣጠሙ ፎቶ ኮፒ ማንሻ መኪናዎችን በዚያ በጉምሩክ መጋዘን ያኖር ነበር። መኪናዎቹ የተሠሩት ለላቲን አሜሪካ ገበያ ብቻ ነው። የተጻፈባቸው ቋንቋ እስጳንኛና ፖርቱጋልኛ ነው፤ የአብዛኞቹም የኤሌክትሪክ አሠራር ለአሜሪካ አይስማማም። ሆኖም ከተማይቱና የሃሪስ አውራጃ በ1977 ዓ.ም. የንብረት ግብር ጣሉባቸው።

ከተማይቱን ጨርሶ በዳይ ናት ለማለት አይቻልም። መጋዘኑ ቢቃጠል እሳት የሚያጠፋው፥ ሌባ ቢመጣ የሚይዘው፥ ዕቃው የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠግነው ሁሉ ደመወዙ ከግብር ነው። የቴክሳስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ግብሩን ተቀበለው። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ማዕከላዊው መንግሥት የራሱን ቀረጥ የተወው ነጋዴዎች የአሜሪካን ወደብ መተላለፊያ እንዲያደርጉ ለመሳብ ነው። አንዱ እጅ የተወውን ሌላው እጅ ቢቀበል፥ ሕጉ የታሰበለት ፍሬ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ «ከጉምሩክ መጋዘን የገባ ሁሉ ከግብር ዳነ» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በ1986 ዓ.ም. ይኸው ፍርድ ቤት የሬይኖልድስ ትምባሆ ኩባንያን ክርክር ተመለከተ። የኩባንያው ትምባሆ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በጉምሩክ መጋዘን ተቀምጦ ይበስል ነበር፤ የተዘጋጀው ግን በዚያው በአሜሪካ ሊሸጥ ነው። ስለዚህ የዱራም አውራጃ የጣለበት ግብር ጸና። መጋዘኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ፍርዱን የለየው የዕቃው መድረሻ ነው። የፊተኛው እንግዳ፥ የኋለኛው ነዋሪ ነበረ።

አንባብያን ሆይ፤ በመዝገብና በማኅተም መካከል የምንውል ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። ግብር የመሰብሰብ ትጋት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ለምን እንደ ወጣ ሳይመረምሩ መሰብሰብ የዛሬውን ሳንቲም አስገኝቶ የነገውን ንግድ ሊያሸሽ ይችላል። ነጋዴውም «ልልከው ነው» በማለት ብቻ አይድንም፤ ሐሳቡን የሚያስረዳለት የዕቃው ጠባይና በጊዜው የተሟላ ሰነድ ነው። እንግዳን እንደ እንግዳ፥ ነዋሪን እንደ ነዋሪ ለይቶ ማስተናገድ የቤት ወግ ብቻ ሳይሆን የሕግም ወግ ነው።