መድገምና መለማመድ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በእንግሊዝኛ «ሪሳይት» እና «ሪኸርስ» የሚባሉ ሁለት ግሶች አሉ። ሁለቱም በአፍ የሚፈጸሙና መመላለስን የሚያመለክቱ ስለ ሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ደግሞ መቀላቀሉ ይብሳል፤ ሁለቱንም «ደገመ» ማለት ይቻላልና። ዳዊት የሚደግም አለ፣ ትምህርቱን የሚደግም አለ፣ ድግምት የሚደግምም አይጠፋም።

«ሪሳይት» ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው መጥራት ነው፤ ከዚያም የተጻፈውን ወይም በቃል የተያዘውን ጮክ ብሎ ማሰማት ማለት ሆነ። «ሪኸርስ» ግን ከእርሻ የወጣ ቃል ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኸርስ» ማለት የታረሰ መሬት ጓሉ የሚፈረካከስበት ባለ ጥርስ መከስከሻ ነበር። ስለዚህ የቃሉ ጥንተ ትርጉም እንደገና መከስከስ ነው። (አስከሬን የሚጫንበት ተሽከርካሪ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም ከዚሁ መከስከሻ የተወለደ ነው። በሬሳው ላይ የሚቆመው ባለ ሻማ ማዕቀፍ መከስከሻ ይመስል ነበርና።)

ይህን ፍች ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአይከል ዙሪያ ላለ ገበሬ ማስረዳት አያስቸግርም። ገበሬው የጤፍ ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ የሚያርሰው የፊተኛው እርሻ ተበላሽቶበት አይደለም። ማረሻው በተመለሰ ቁጥር ጓሉ ይደቃል፣ አረሙ ይነቀላል፣ መሬቱም ለዘር ይመቻል። ምልልሱ ሁሉ ገና ላልመጣው የዘር ቀን ነው። መድገም ወደ ኋላ፣ ወደ ቃሉ ይመለከታል፤ መለማመድ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኑ ይመለከታል።

አይከል ለመጀመሪያውም ግስ ምሳሌ አላት። በአካባቢው የሚኖሩት ቅማንቶች ከአገው ቋንቋዎች ወገን የሆነ ቅማንትኛ የተባለ ቋንቋ አላቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ቅማንት ተብለው የተመዘገቡት 172,327 ሲሆኑ፣ ቅማንትኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ግን 1,625 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ወምበሩ ጸሎቱን በቅማንትኛ ይደግማል፤ ገበያው ግን በአማርኛ ይውላል። የጸሎቱ ቃል ሳይዛነፍ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ይሁንና ልጁ በዚያው ቋንቋ ውኃ ካልጠየቀበት፣ ካልተቆጣበትና ተሳስቶ ካልታረመበት፣ በቃል የተያዘው ቋንቋ የሚነገር ቋንቋ ሆኖ አይቀጥልም።

ይህ መድገምን ለማቃለል የሚነገር አይደለም። በቃል መያዝ ባይኖር ኖሮ ዜማውም ጸሎቱም ከዘመን ዘመን ባልተሻገረ ነበር። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በመድገም ብቻ እንደማይቆሙ መታወቅ አለበት። የአቋቋም ማስመስከሪያ የሆነችው ጎንደር በአታ ዜማውን በቃሉ የያዘውን ሁሉ አታሰናብትም። መቋሚያው የሚነሣበት፣ ጸናጽሉ የሚንሿሿበት፣ ከበሮው የሚመታበት ጊዜ አለው፤ ይህም በእጅና በእግር ካልሆነ በምላስ አይለመድም። የቅኔ ቤት ደግሞ ከሁሉም የረቀቀ ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ሲቆጥርና መምህሩ ሲያርሙት ይከርማል። በበዓል ቀን ግን ትናንት የተባለውን ደግሞ ቢያሰማ ነውር ነው፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበትና። የቅኔ ተማሪ እንግዲህ ዓመታት የሚለማመደው ፈጽሞ ለማይደግመው ነገር ነው።

መሐንዲስን የሚመለከተው ቁም ነገርም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 በሦስት ሰዎች ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከነበሩት 175 ሰዎች 125 ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከግጭቱ ተርፈው ሳለ የሰጠሙት፣ የሕይወት አድን ሰደርያቸውን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ በአየር ስለ ሞሉት እንደ ሆነ በሰፊው ተነግሯል። የተነፋው ሰደርያ፣ ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ባለቤቱን ወደ ጣሪያው ሽቅብ ይዞ ይቀራል፤ ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ መጥለቅ አይቻልም። ሰደርያው ከበር ሳይወጡ እንዳይነፋ የሚያዘው ቃል ከበረራ በፊት የሚነገር ነው። ቃሉ በአየር ጉዞ ሁሉ ይደገማል፤ ተሳፋሪ ግን አንድ ቀን እንኳ ተለማምዶት አያውቅም። በጭንቅ ሰዓት እጅ የሚታዘዘው ደግሞ ለለመደው ነው።

የዚያው ሙያ ሰዎች ለአብራሪዎቹ ያደረጉት ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን በወረረን ዓመት፣ በአሜሪካ «ቦይንግ 299» የተባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን፣ የመቆጣጠሪያ ክንፎቹ ማሰሪያ ሳይፈታ ተነሥቶ ተከሰከሰ። አብራሪዎቹ ልምድ ያልነበራቸው አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ከመነሣት በፊት ጮክ ተብሎ የሚነበበው የማረጋገጫ ዝርዝር ሥራ ላይ ዋለ። ይህ መድገም ነው፤ ተገቢም ነው። ሞተር በአየር ላይ ሲጠፋ የሚሆነውን ግን አብራሪው በምስለ በረራ ክፍል ውስጥ እየተሳሳተ፣ እየወደቀም ይለማመደዋል። በመድገም ጊዜ ስሕተት እፍረት ነው፤ በመለማመድ ጊዜ ግን ለዚያው የተቀመጠበት ትርፍ ነው።

በየፋብሪካውና በየማመንጫ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ተለጥፏል። ሠራተኛው ቢጠየቅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይወጣዋል፤ ተቆጣጣሪውም «ያውቃል» ብሎ ይፈርማል። ሰዓት ተይዞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሥራው በእውነት እንዲፈጸም ሲታዘዝ ግን ወረቀቱ የማያውቀው ነገር ይገኛል። የነዳጁ መዝጊያ ዝጎ በአንድ ሰው ጉልበት አልዞር ይላል። የመውጫው በር ቁልፍ ከዘበኛው ኪስ ነው፣ ዘበኛውም ምሳ ላይ ነው። እሳት ማጥፊያው ከተከመረ ጆንያ በስተጀርባ ተሰቅሏል። ከእነዚህ አንዱንም በመድገም ማግኘት አይቻልም፤ መመሪያውን የጻፈው መሐንዲስም ቢሆን ልምምዱ ላይ ካልቆመ አያገኛቸውም።