ጃጓር ማርክ ቱ እና ኤም5

ዛሬ ሁለት ፈጣን የቤት መኪኖችን ጎን ለጎን እናቆማለን።

እንግሊዛዊቷ ጃጓር ማርክ ቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ወጣች። ባለ 3.8 ሊትሯ 220 የፈረስ ጉልበት ይዛ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትበር ነበር። በሯን ሲከፍቱ የቆዳ ወንበርና በዋልነት እንጨት የተለበጠ ዳሽቦርድ ይቀበልዎታል፤ ቁርጥ የሳሎን ቡፌ! እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስም ወደዳት፣ የባንክ ዘራፊም። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ስላላት አሳዳጁም ተሳዳጁም ይተማመንባት ነበር።

ጀርመናዊቷ ቢኤምደብሊው ኤም5 በ1985 መጣች። ላያት ሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ መኪና ናት። ኮፈኗ ሲከፈት ግን መሠረቱ ኤም1 ከተባለችው የስፖርት መኪና የመጣ ባለ 3.5 ሊትር ሞተር ይገኛል፤ ጉልበቱ 286 ፈረስ።

ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው። ታዲያ በሊትር የምታንሰው እንዴት በጉልበት በለጠች? ነገሩ አየር ነው። ጃጓሯ በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ብቻ አላት፤ ነዳጇንም ካርቡሬተር ይመጥንላታል። ኤም5 አራት አራት ቫልቭ ስላላት በከፍተኛ ዙር አየር እንደ ልብ ትስባለች፤ ነዳጁን የሚለካላትም ኤሌክትሮኒክስ ነው።

ቁልፍ ምረጥ ብትሉኝ፣ ለሩቅ መንገድ የኤም5ን አነሳለሁ። ጃጓሯን ቆማም ባያት አልጠግባትም።