ነፋሱን ማወቅ
በማሆ የባሕር ዳርቻ አይሮፕላን ስለ መመልከትና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፤ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይኸውም አይሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ ቆሞ መመልከት፣ ዐይነቱን መለየት፣ በአካሉ ላይ የተጻፈውን የመታወቂያ ምልክት መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። በብዙ አገር ይህን ነገር ከልብ የያዙ ሰዎች አሉ፤ እኛም ከነሱ ወገን ነን። ስለዚህ በመጀመሪያ ለወገኖቻችን ጠበቃ እንቆማለን፤ ቀጥሎም እንወቅሳቸዋለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አይሮፕላንን በዐይን ለይቶ ማወቅ ከጨዋታ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። በብሪታንያ በ1925 የተቋቋመ አንድ የተመልካቾች ጓድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በየኰረብታውና በየሜዳው ተሰማርቶ የጠላትን አይሮፕላን ከወገን ለይቶ በስልክ ያስታውቅ ነበር። የዚያን ጊዜው ራዳር ፊቱን ወደ ባሕር የመለሰ ስለ ነበረ፣ የጠላት አይሮፕላኖች ጠረፉን አልፈው ከገቡ በኋላ የሚከታተሏቸው እነዚህ ተመልካቾች ነበሩ። ንጉሡም ስለዚህ ሥራቸው በ1941 ጓዱ «ንጉሣዊ» ተብሎ እንዲጠራ ፈቀዱ። በዚያው ዓመት በለንደን አይሮፕላን ለሚለዩ ሰዎች ብቻ የሚሆን ጋዜጣ ይታተም ጀመር። እንግዲህ ይህ ልማድ መሠረቱ ዕውቀት ነው። ሳይለዩና ሳያውቁ ማፍጠጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ልዩነት ላይ ለመነጋገር አንድ ሥፍራ መርጠናል። እርሱም በካሪብ ባሕር የምትገኘው የሲንት ማርተን ደሴት ናት። ይህች ደሴት ስፋቷ 87 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከ1648 ውል ጀምሮ ሰሜኑ ለፈረንሳይ፣ ደቡቡ ለሆላንድ ተከፍሎ ይኖራል። በደቡቡ ክፍል ያለው የአይሮፕላን ጣቢያ በ1942 ለጦር ሠራዊት ተሠርቶ በ1943 ለሕዝብ አገልግሎት ተከፈተ። በኋላ በ1948 ንግሥት የሆኑት ልዕልት ዩሊያና በ1944 ደሴቲቱን ስለ ጐበኙ በስማቸው ይጠራል።

የመንደርደሪያው ርዝመት 2300 ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ጣቢያዎች ከ3000 ሜትር በላይ ሲኖራቸው፣ እዚህ መሬቱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። በምሥራቅ በኩል ኰረብታ፣ በምዕራብ በኩል ባሕር ይገጥመዋል። በባሕሩና በመንደርደሪያው መካከል ያለው አንዲት ጠባብ መንገድ፣ አንድ የሽቦ አጥርና ማሆ የሚባለው ነጭ የአሸዋ ዳርቻ ብቻ ነው። ሰዎች በመዋኛ ልብሳቸው ሆነው ከራሳቸው በላይ ትልቅ ጄት ሲያልፍ የሚያሳዩት፣ በዓለም ሁሉ የታወቁት ፎቶግራፎች የተነሡት በዚህ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ ነፋሱ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ዓመቱን በሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ጥንት በሸራ የሚሄዱትን መርከቦች ከአፍሪቃ ጠረፍ ወደ አሜሪካ ያሻገረው ይኸው ነፋስ ነው። አይሮፕላን ደግሞ የሚያርፈውም የሚነሣውም ፊቱን ወደ ነፋስ መልሶ ነው፤ እንዲህ ሲያደርግ መሬቱን የሚነካበት ፍጥነት ስለሚቀንስ አጭር ሜዳ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚያርፈው ሁሉ ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል መጥቶ በማሆ ላይ ያልፋል።

ከፍታውን ማንኛችንም ልናሰላው እንችላለን። የማረፊያው ቍልቍለት 3 ዲግሪ ነው እንበል። እንግዲያውስ አይሮፕላኑ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። መሬት ከሚነካበት ቦታ 300 ሜትር ሲቀረው ከፍታው 15 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። አብራሪው ድፍረት ለማሳየት አይደለም ዝቅ ያለው፤ አጭሩን ሜዳ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሊጠቀምበት ስለሚገባው ነው። እስከ ጥቅምት 2016 ድረስ የሆላንድ አየር መንገድ ቦይንግ 747 እዚህ ያርፍ ነበር። ከ70 ሜትር የሚበልጥ ርዝመትና ከ64 ሜትር የሚበልጥ የክንፍ ስፋት ያለው ነገር በዚህ ከፍታ ሲያልፍ ማየት ምን እንደሚመስል ገምቱት።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንምጣ። አይሮፕላኑ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ቢበር በአንድ ሴኮንድ 70 ሜትር ያህል ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ቢከፈት፣ በዚያች ቅጽበት የተጓዘው 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሴኮንድ ቢከፈት ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ተጕዟል፤ ካሜራውን ከአይሮፕላኑ ጋር እኩል ማዞር የማይችል ሰው የሚያገኘው ጭጋግ ነው። ሆኖም ፍጥነት ሁልጊዜ አይበጅም። ከዚያው ጣቢያ ተነሥተው ወደ ትንሿ ወደ ሳባ ደሴት፣ 400 ሜትር ያህል ብቻ ርዝመት ወዳለው ሜዳ የሚሄዱት ትዊን ኦተር የተባሉት አይሮፕላኖች ባለ ፕሮፔለር ናቸው። እነዚህን በጣም ፈጣን በሆነ መዝጊያ ያነሣ እንደ ሆነ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ይታይና ሞተሩ በሰማይ ላይ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ዐዋቂው ሆን ብሎ መዝጊያውን ያዘገየዋል።

የመቆሚያው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙው ሰው የሚሻማው በአይሮፕላኑ መንገድ ትክክል፣ ከአጥሩ ሥር ለመቆም ነው። ከዚያ የሚገኘው ግን የሆድ ሥዕል ነው፤ ጐማና ጥላ። ከመንደርደሪያው መስመር ወጣ ብሎ በስተ ደቡብ ጐን የቆመ ሰው፣ ከዓመቱ በሚበዛው ጊዜ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ፣ አይሮፕላኑን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ፣ ከበስተ ሥሩም ሰማያዊውን ባሕርና ሕዝቡን አንድ ላይ ያገኛል። የመታወቂያ ምልክቱንም ከጐን ያነብበዋል።

ወገኖቻችንን የምንወቅስበት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ያው ነፋስ የሚነሡትንም አይሮፕላኖች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ እንዲመልሱ ያስገድዳል። ስለዚህ ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከማሆ ጫፍ ነው፤ ጅራታቸውም ሞተራቸውም ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ሜዳው አጭር፣ ፊት ለፊቱ ኰረብታ ስለ ሆነ ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ይነሣል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ተማርነው፣ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ ግፊት አለው። አይሮፕላኑን ወደፊት የሚገፋው ኀይል፣ ያንኑ ያህል አየር ወደ ኋላ ይወረውራል። በዚያ ቦታ ግን አጥሩን በሁለት እጅ ይዞ «ነፋሱን ልቻለው» ማለት እንደ ጨዋታ ተለምዷል። የሞተር ነፋስ ከባድ ጉዳትና ሞት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በሥፍራው ተተክሏል፤ ከጽሑፉ አጠገብ ፎቶግራፍ የሚነሡ ግን ብዙዎች ናቸው።

ሐምሌ 12 ቀን 2017 ከኒው ዚላንድ የመጣች አንዲት ጐብኚ አጥሩን ይዛ ቆማ ሳለ የሚነሣ አይሮፕላን ነፋስ ወርውሮ ጣላትና ሞተች። ያ አይሮፕላን ግዙፉ 747 አልነበረም፤ መካከለኛው 737 ነበር። ይህን በልባችን ልናኖረው ይገባል። ሰው የሚፈራው ትልቁን ነውና፤ ነገር ግን አደጋው ያለው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በቆሙበት ቦታ ነው።

በገጠር ያደግን ሁሉ ዐውድማ እናውቃለን። ገበሬው ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ሳይመለከት መንሹን አያነሣም፤ ገለባው በሚሄድበትም በኩል ልጅ እንኳ አይቆምም። ይህን ለመከልከል ማንም ማስታወቂያ አልተከለም። ሁሉም ምክንያቱን ስለሚያውቅ ነው። የማሆ ጽሑፍ «አትቁም» ይላል፤ ለምን ነፋሱ በዚያ በኩል እንደሚመጣ ግን አያስተምርም። ትእዛዝን ሰው ይደፍራል፤ ምክንያቱን የተረዳ ግን ራሱ ፈቀቅ ይላል።

ታዲያ ዳርቻው ይዘጋ? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አሳባቸውም ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ደሴቲቱ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ እንግዳውም በብዛት የሚመጣው በባሕርና በዚሁ የአይሮፕላን ጣቢያ በኩል ነው። መስከረም 6 ቀን 2017፣ ማለት ሴትዮዋ ከሞተች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የጣቢያውን ሕንፃ ክፉኛ ሰባበረው። የመደበኛው መንገደኛ በረራ የተመለሰው በጥቅምት ወር ነበር፤ ሕንፃው ፈጽሞ ታድሶ የተመረቀው ግን በ2024 ነው። ጣቢያው ሲቆም ሆቴሉም፣ ታክሲውም፣ ዓሣ አጥማጁም ምን እንደሚሆን የደሴቲቱ ሰዎች በኑሯቸው ዐይተውታል። ስለዚህ ተመልካቹን ማባረር መፍትሔ አይመስለንም። ከአጥሩ ሥር ያለችውን ያችን ጥቂት ቦታ በጥብቅ መከልከል፣ በጐን በኩል ደግሞ ለተመልካች የሚሆን ደኅና ሥፍራ ማዘጋጀትና የነፋሱን ነገር በሥዕል ማስረዳት ይሻላል እንላለን። ካልተሳሳትን ብዙው ሰው ጥሩው ሥዕል የሚገኘው ከጐን መሆኑን ቢያውቅ ወታደር ሳያስፈልገው ወደዚያ ይሄዳል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ ያለው ስልክ ይዘናል፤ መሣሪያው እንደ ጥምጥሙ ቀድሞ መጥቷል። ከኛ መካከል ወደ ማንኛውም የአይሮፕላን ጣቢያ ሄዶ ለማየት የሚፈልግ ቢኖር ሦስት ነገር እናሳስበዋለን። አንደኛ፣ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስና አይሮፕላኑ በየት እንደሚዞር ይመልከት። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት የተፈቀደ መሆኑን የሥፍራውን ኀላፊ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ያየውን በቀንና በሰዓት ጽፎ ያኑር፤ ያልተጻፈ ነገር ከትዝታ ጋር ይጠፋልና።

ክቡራን መምህራን፣ በተለይ የፊዚክስ መምህሮቻችን፣ ከላይ ያቀረብነውን ስሌት እንድታርሙልን እንለምናለን። ጓደኞቻችን ደግሞ በዳርቻው መዘጋት ጉዳይ የምትቃወሙን ብትኖሩ አሳባችሁን ለመስማት ዝግጁዎች ነን።