ከአንድ የብርቱካን ዘር ብዙ ቡቃያ የሚወጣበት ምክንያት
(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



አንድ የብርቱካን ዘር ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ሲያወጣ ያየ ሰው፥ «መንታ ነው» ብሎ ያልፋል። መንቶች ግን እናትም አባትም አላቸው። ከነዚህ ቡቃያዎች አብዛኞቹ አባት የላቸውም።

በአንድ የብርቱካን ዘር ውስጥ ሁለት ፅንስ መኖሩን ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1719 ዓ.ም. ተመለከተ። ከየት እንደሚመጡ የዕፀዋት ሊቁ ስትራስቡርገር በ1878 ገለጠ። አበባው የወንዴውን ዱቄት ሲቀበል አንድ ፅንስ እንደ ሥርዓቱ ይፀነሳል። ይህ ፅንስ ያለበትን ከረጢት ዙሪያውን ያቀፈው ኑሴለስ የሚባለው የእናቲቱ አካል ነው። ከዚሁ አካል አንዳንድ ሴሎች እየተከፈሉ ወደ ከረጢቱ ይገፋሉ፤ እነሱም ፅንስ ይሆናሉ። እንግዲህ የእናቲቱ ግልባጮች ናቸው፤ ቅርንጫፍ ቈርጦ ከመትከል ብዙም አይለይም። ቢሆንም የወንዴው ዱቄት ከንቱ አይደለም፤ ሁሉም የሚመገቡት ስንቅ የሚዘጋጀው በእርሱ ምክንያት ነውና። የሚያሳዝነው፥ በሽሚያው ብዙ ጊዜ ተጨንቆ የሚሞተው ያ የሁለት ወላጆች ልጅ ነው።

የሎሚ ወገን ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ትርንጎ በአንድ ዘር አንድ ፅንስ ብቻ ይይዛል። በ2017 የታተመ ጥናት ልዩነቱ ሲትአርደብልዩፒ በተባለው ጂን መነሻ አጠገብ ከተሰካች ትንሽ የዲኤንኤ ቍራጭ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

ችግኝ ለሚያፈላ ሰው ነገሩ ሀብት ነው፤ ሳያዳቅል አንድ ዐይነት የመከተቢያ ግንድ ያገኛል። አብዛኞቹ የብርቱካን ቫይረሶችም በዘር ስለማይተላለፉ ከታመመ ዛፍ ንጹሕ ችግኝ ይወጣል። (እሾሁ መብዛቱና ፍሬው መዘግየቱን ግን መቻል ነው።)

አዲስ ዝርያ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ፈተና ነው። ሁለት መልካም ዛፎች አዳቅሎ፥ ዘርቶ፥ ዓመታት ጠብቆ የሚያገኘው ያችኑ እናት ነው! አንዱ መላ ሦስት ቅጠል ከሚያወጣው የብርቱካን ዘመድ ዱቄት መውሰድ ነው፤ ባለ ሦስት ቅጠል ሆኖ የበቀለው ችግኝ የአባቱ ልጅ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሌላው፥ ደካማውን ፅንስ ገና ሳይሞት አውጥቶ በብርጭቆ ውስጥ ማሳደግ ነው። ስለዚህ አትክልተኛው «ቀጫጫውን ንቀል» ሲል ለራሱ ሥራ ልክ ነው፤ ለተመራማሪው ግን የተነቀለው ምናልባት የሚፈለገው ነበር።

በጠረጴዛው ላይ ውሃ ውስጥ የቈየ የብርቱካን ዘር ተቀምጧል። ልጡን በጥፍራችሁ ላጡና ፅንሶቹን ቍጠሩ።