የቃል ኪዳን ቀለበት ውፍረትና ክብደት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደብረ ማርቆስ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለሰሚው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ቀለበት ትንሽ ነገር ነውና። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቀለበት «ይታሰራል» እንጂ «ይጠለቃል» ብቻ አይባልም። ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው ሕዝባችን ከዚህች ትንሽ ጌጥ የሚጠብቀው ማጥበቅንና ማጽናትን ነው። በተክሊል ሥርዓት ቀለበቱ ተባርኮ በሙሽሮቹ ጣት ሲገባ፥ የአንጥረኛው ሥራ ከገበያ ዕቃነት አልፎ የቃል ኪዳን ምልክት ይሆናል። እንግዲህ ምልክቱ ከቃሉ ቀድሞ እንዳይሰበር መጠንቀቅ የማን ኃላፊነት ነው?

ደንበኛ ወደ ሱቃችን ሲገባ ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛው «ስንት ካራት ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ስንት ግራም ነው?» የሚል ነው። ሦስተኛውን፥ ማለትም «ውፍረቱ ስንት ነው?» የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ያልተጠየቀው ሦስተኛ ጥያቄ የቀለበቱን ዕድሜ የሚወስን መሆኑንና፥ ደንበኛው ባይጠይቅ እንኳ እኛ ልናነሣው የሚገባ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ከዚያም በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ገበያ የአንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ ዋጋ ከ4,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ከወጣ ወዲህ፥ ለሙሽራ ቀለበት የሚመደበው ገንዘብ የሚገዛው ወርቅ እጅግ አንሷል። ይሁን እንጂ ሙሽራው በዘመድ ፊት የሚታየው ቀለበት እንዲያንስበት አይፈልግም። በዚህ ጊዜ ሠሪውን የሚፈትነው መንገድ ግልጽ ነው፤ ስፋቱን እንደ ነበረ ትቶ ውፍረቱን መቀነስ። ከላይ ሲያዩት ቀለበቱ ያው ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ከሠርጉ በኋላ ነው።

ወርቅና ብርን በክብደት መገመት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው የጁቤ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ከዐባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ወርቁ በወቄት ይመዘን ነበር፤ ጌጠኛው ብር ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ማርትሬዛ የተባለውን ጠገራ ብር በማቅለጥ ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ደንበኛው ገንዘቡን አምጥቶ ሲያስቀልጥ፥ ምን ያህል ብረት እንደ ሰጠና ምን ያህል እንደ ተቀበለ ያውቅ ነበር። ዛሬም ሚዛኑ አልጠፋም። የጎደለው ሚዛኑ የሚነግረን ክብደት በቀለበቱ ላይ እንዴት እንደ ተደለደለ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። የጠፍጣፋ ቀለበትን ክብደት ሳንሠራው ማወቅ ይቻላል። የቀለበቱን የውስጥ አግድመት በሚሊ ሜትር እንለካለን፤ በዚያ ላይ ውፍረቱን እንደምራለን፤ ድምሩን በ3.14፥ ከዚያ በውፍረቱ፥ ከዚያም በስፋቱ እናበዛለን። የተገኘውን በ1,000 ስናካፍል ይዘቱን በሳንቲ ሜትር ኩብ እናገኛለን። ይህንንም በማዕድኑ እፍግታ እናበዛዋለን። የንጹሕ ወርቅ እፍግታ 19.3 ነው፤ ባለ 18 ካራቱ ቢጫ ወርቅ እንደ ቅይጡ 15.5 ያህል ነው፤ ንጹሕ ብር ደግሞ 10.5 ነው።

ለምሳሌ የውስጥ አግድመቱ 18 ሚሊ ሜትር፥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 18 ካራት ቀለበት እንውሰድ። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን 3.7 ግራም፥ 1.5 ቢሆን 5.7 ግራም፥ 2 ቢሆን 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል። ጀርባው እንደ ግማሽ ክብ የተቆለመመ ከሆነ ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በ21 ካራት የተሠራ እንደ ሆነ፥ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 6.3 ግራም ይጠጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ የንግግሬ ዋና ፍሬ ስለሆነ በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ስፋት ሲጨምር የቀለበቱ መጉበጥን የመቋቋም ኃይል በዚያው ልክ ብቻ ይጨምራል። ውፍረት ሲጨምር ግን ኃይሉ የሚጨምረው በውፍረቱ ካሬ ነው። ከ1 ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ክብደቱ በግማሽ ያህል ሲጨምር ኃይሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ቀለበቶችን እናነጻጽር። አንደኛው 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ክብደቱም 5.5 ግራም ያህል ነው። ሁለተኛው 3 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ክብደቱ 5.2 ግራም ነው። ሁለተኛው በዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሳይጎብጥ የመቆም ኃይሉ ከአንደኛው በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም ክብደትን ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ደንበኛ ብዙ ግራም ከፍሎ ደካማ ቀለበት ሊገዛ ይችላል።

የመበላትም ነገር እንዲሁ ነው። በየቀኑ የሚጠለቅ ቀለበት ከመሣሪያ፥ ከምጣድ፥ ከጎረቤት ቀለበት ጋር እየተፋተገ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ከባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ላይ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢጎድል፥ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ አብሮ ይሄዳል። ከባለ 1.8 ሚሊ ሜትሩ ላይ ግን ይኸው ጉድለት የሚቀንሰው ከመቶ 11 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በማን እጅ ላይ እንደሚውል ደግሞ መዘንጋት የለብንም። በከተማ ቢሮ የሚውል ጣት አለ። ነገር ግን ከጮቄ ግርጌ እስከ ዐባይ ሸለቆ አፋፍ ያለው የእኛ ደንበኛ እርፍ ይጨብጣል፤ ማጭድ ይይዛል፤ ድንች ይቆፍራል። ባለቤቱ ሊጥ ታቦካለች፤ እንጨት ትሸከማለች። ስስ ቀለበት በእርፍ ላይ ሲጨበጥ ክብነቱን ያጣና የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ከዚያም ጣትን ይቆነጥጣል፤ በመጨረሻም የተበየደበት መጋጠሚያ ይከፈታል። ሰፊ ቀለበት ደግሞ ሊጥና እርጥበት ከሥሩ ስለሚይዝ ቆዳን ያቆስላል። እንግዲህ ጠባብና ደንዳና ቀለበት ለዚህ አገር እጅ በሁለት በኩል ይስማማዋል።

የልክ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ሌሊቱና ጧቱ ብርድ፥ ቀኑ ፀሐይ ነው። ጣት በብርድ ይኮማተራል፤ በሙቀትና በሥራ ያብጣል። በማለዳ የተለካ ቀለበት ከቀትር በኋላ ይጠብቃል። ስለዚህ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ መለካት ይገባል፤ ሰፊ ቀለበት የሚሻ ከሆነም ከጠባቡ ጥቂት ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። ሙሽራ በሠርጉ ሳምንት ሲመጣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ በጥድፊያ የተሠራው ቀለበት ለማስፋት ይመለሳል። ስስ ቀለበት ደግሞ ተወጥሮ ሲሰፋ ይበልጥ ይሳሳል። የውስጥ አግድመቱን ከ18 ወደ 19 ሚሊ ሜትር በመወጠር ብቻ ብናሰፋው ከብረቱ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ይሳሳል። ቆርጦ ቁራጭ ወርቅ መጨመር ይሻላል፤ ለዚህም ቢሆን የሚበቃ ውፍረት ሊኖረው ይገባል።

ነገር ግን ከልክ ያለፈ ውፍረትም ጥፋት ነው። ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን የጎንና የጎን ጣቶችን ይገፋል፤ እጅን ለመጨበጥ ያውካል። ጣት በድንገት ባበጠ ጊዜ ቀለበቱን ቆርጦ ማውጣትም አስቸጋሪ ይሆናል። በመሆኑም ለዕለት ተዕለት የሚጠለቅ ባለ 18 ካራት ቀለበት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እመክራለሁ። 21 ካራቱ ለስላሳ ስለሆነ ከ1.8 ባያንስ መልካም ነው። ከብየዳ በኋላ ወርቁ ስለሚለሰልስ በዘንግ ላይ አድርጎ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ጥንካሬውን ይመልስለታል። የውስጥ ጠርዙንም በሞረድ ማለዘብ ጣትን ከመቆረጥ ያድናል።

«የደንበኛው አቅም ባይደርስስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የመቀነሱ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ስፋቱ ይቀነስ። ያም ካልበቃ፥ ከ21 ወደ 18 ካራት ይወረድ። ያም ካልበቃ፥ ከብር ይሠራለት። 4 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብር ቀለበት 4.7 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። አያቶቻችን ብርን አክብረው ጌጥ አድርገውታል፤ ደንዳና የብር ቀለበት እንደ ወረቀት ከሳሳ ወርቅ ይልቅ ክብር አለው። በማናቸውም ሁኔታ የማይቀነሰው ውፍረቱ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለበትም ለቃል ኪዳን አይገባም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በምንሰጠው ደረሰኝ ላይ ካራትና ግራም እንደሚጻፍ ሁሉ ውፍረትና ስፋትም በሚሊ ሜትር ይጻፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካሊፐርና አንድ ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ በየሱቃችን ከመዳብ የተሠሩ ባለ 1፥ ባለ 1.5 እና ባለ 2 ሚሊ ሜትር ናሙናዎች ይኑሩ። ሙሽሮቹ በጣታቸው አድርገው እጃቸውን ይጨብጡና ልዩነቱን ራሳቸው ይወቁ።

ያለነው ዲማ ጊዮርጊስን፥ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ነው። ሰምና ወርቅ የሚለውን ስያሜ ቅኔው የወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ መሆኑን ታውቃላችሁ። በቀለበትም ስፋቱ ሰሙ ነው፤ ለዐይን ይታያል። ውፍረቱ ወርቁ ነው፤ ዐዋቂ ካልገለጠው አይታይም። ደንበኛችን ሰሙን አይቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። ወርቁን ገልጦ መንገር የእኛ ሙያ ነው።