በባሕር ውስጥ የሚያድግ ድንጋይ



ሲሚንቶ ለማምረት የኖራ ድንጋይን ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እናግላለን። ባሕር ግን ድንጋይ ለመሥራት እሳት አይሻም። ጀርመን ተወላጁ አርክቴክት ቮልፍ ሂልበርትዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሽቦ መረብ ባሕር ውስጥ አስጠልቆ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለቀቀበት፤ በውኃው የሟሙት ማዕድናት በሽቦው ላይ እየረጉ ድንጋይ ሆኑ። ነዳፊው ቅርጹን በሽቦ ያበጃል፤ ግድግዳውን የሚያወፍረው ባሕሩ ነው።

ተማሪዎች ዘወትር «ፍሰቱን ብንጨምረውስ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍሰቱ ሲበረታ ብሩሳይት የተባለው ልል ማዕድን ይበዛል፤ ዝግ ሲል ግን ጠንካራው አራጎናይት ይረጋል። እንግዲህ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ማደጉ ጉድለት ሳይሆን የጥንካሬው ምንጭ ነው። (ይህን ለሥራ ተቋራጭ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው!)

ሂልበርትዝ መጀመሪያ ያሰበው ለሕንፃ ነበር። ኋላ ከሳይንቲስቱ ቶማስ ጎሮ ጋር ዘዴውን ለተጎዱ የኮራል ሪፎች አዋለው፤ በባሊ ደሴት፣ በፔሙቴራን ጠረፍ የተተከሉት መዋቅሮች ዛሬ ኮራል ለብሰዋል። ኤሌክትሪኩ ከናፍጣ ጄኔሬተር የሚመጣ ከሆነ ግን ለአካባቢ ጠቀምን ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ ንድፋችሁን ስታቀርቡልኝ ከቅርጹ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ የኃይል ምንጩን ነው።