የበሽተኛው ቃል በመጨረሻው አልጋ



በኢትዮጵያ ልማድ ሞቱ የተቃረበ ሰው ስለ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ስለ ነፍሱ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ቀብሩ። የንስሐ አባት ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ኑዛዜውን ይሰማሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ፈቅዷል። ስለ ሕክምናው ግን የሚጠይቀው እምብዛም አይገኝም። የሕመሙ ስም እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለቤተሰቡ ነው።

ይህ መደበቅ «ተስፋ ይቆርጣል» ከሚል ርኅራኄ እንጂ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ባሉ ሰፈሮች በውጭ አገር ያሉ ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ በስልክም ይወስናሉ። ካንሰሩ ከተሰራጨም በኋላ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ መርፌ ይፈለጋል። በሽተኛው ግን እውነቱን ከአስታማሚዎቹ ፊት ያነባል፤ እንዳያሳዝናቸው ብሎም ዝም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ተደባብቀው ይሰነባበታሉ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንዳይቀበል መብት ይሰጠዋል፤ የግዴታ ክትባትንና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን የመሳሰሉት ለብቻ ተለይተዋል። ሆኖም ያልተነገረው ሰው እሺም እምቢም ሊል አይችልም። ስለሆነም መብቱ የሚጀምረው ከመንገር ነው።

ይህ መብት ሞትን ከሐኪም እጅ ከመጠየቅ የተለየ ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን በሕግ ስትፈቅድ፣ የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ራስን ለመግደል መገፋፋትንና መርዳትን ይቀጣል። የማስታገሻ ሕክምና ዓላማ ሞትን ማፋጠንም ማዘግየትም ሳይሆን ስቃይን ማቅለል ነው።

ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን ሕክምና በአዲስ አበባ ወደ በሽተኛው ቤት ወስዷል። ሥራው የታወቀ ነው። የሚጠጣ ሞርፊን ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ፣ የሆድ ድርቀት ከሚከላከል መድኃኒት ጋር ይሰጣል። አስታማሚዋ በሽተኛውን ማገላበጥና አፉን ማርጠብ ትማራለች። ሞርፊን የሞት መድኃኒት ነው የሚለው ፍርሃትም ሊወገድ ይገባል፤ በልኩ ተመጥኖ ሲሰጥ በሽተኛው ከቤተሰቡ ጋር ለመነጋገር ፋታ ያገኛል።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚፈለገው ሦስት ጥያቄ ነው። ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሐኪሙ ከማን ጋር ቢነጋገር ይፈቅዳሉ? የትስ ሆነው ቢታከሙ ይመርጣሉ? «እኔ መስማት አልፈልግም፣ ልጄ ትስማልኝ» የሚል መልስ ቢመጣ እርሱም ምርጫ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ልዩነቱ ዝምታውን የመረጠው በሽተኛው ራሱ መሆኑ ላይ ነው። መልሱም ከመድኃኒቱ ትእዛዝ ጎን በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በሌሊት የሚጠራው ተረኛ ሐኪም ቤተሰቡን ከመጠየቁ በፊት የበሽተኛውን ቃል ያገኛል።